የፋሲካው ጉበት

የብርጓል ስትቆጣ አትጮህም፤ ትጠርጋለች። መጥረጊያዋን ታነሳና ከደጇ እስከ አጥሯ በር፣ ከአጥሯ በር እስከ ጎረቤት ወሰን አቧራውን ታጨሰዋለች። ጎረቤቶቿ ያን ድምፅ ሲሰሙ፣ «ዛሬ ደግሞ ማን ነክቷት ይሆን?» ይባባላሉ። ባሏ ፈንታ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞች ጋር ወደ ጮቄ የወጣ ዕለት ጠርጋለች። ጣሊያን ከይጁቤ ገበያ በላይ፣ ከጉብታው ላይ፣ ምሽጉን የሠራ ዕለትም ጠርጋለች። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ግን ከመጥረጓ ብዛት የግቢዋ መሬት እንደ አውድማ ተላገ።

ነገሩ የመጣው በልጇ በአሰገደች በኩል ነው።

አሰገደች ፊደል የምትቆጥረው ከኪዳነ ምሕረት ቅጽር፣ ከወይራው ሥር፣ የኔታ አካለ ወልድ ዘንድ ነበር። «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ቅዳሴ ልትገባ ነው?» ብሎ ያሾፈ ብዙ ነበር። ፈንታ ግን ሲወጣ «ስመለስ ዳዊት ታንብብልኝ» ብሎ ስለሄደ፣ የብርጓል ወሬኛውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላው ልጇን ትልክ ነበር።

አንድ ቀን ልጅቱ አምሽታ ገባች።

«የት ቆየሽ?»

«የኔታን ቤታቸው አድርሰን።»

«የኔታ ሕፃን ናቸው፣ እናንተ የምታደርሷቸው?»

አሰገደች የቀሚሷን ጫፍ ማኘክ ጀመረች። «ለሰው አትንገሩ ብለውናል።»

«እኔ ደግሞ መቼ ሰው ሆንኩ? እናትሽ ነኝ፤ ተናገሪ።»

«ፀሐይ ስትገባ አያዩም። መቋሚያቸውን እንይዝና እንመራቸዋለን። ሰው ሲያየን የሚያስጠኑን እንዲመስል ደግሞ እስከ ቤታቸው ሀሁ እያልን ነው የምንሄድ።»

የብርጓል ልጇን አየቻት፤ ከዚያ መጥረጊያውን አየችው። ጨልሞ ነበርና አላነሳችውም።

ዳፍንት ነው። ቀን እንደማንኛውም ሰው የሚያይ ዓይን ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። በዚያ አገር ዳፍንትን የማያውቅ የለም፤ መድኃኒቱንም የማያውቅ የለም። ወተቱም እንቁላሉም ጎመኑም ይረዳል፤ ቁርጡ መድኃኒት ግን ጉበት ነው። ይህን ለማወቅ ደብተራ መሆን አያስፈልግም። ከብት የሚጠብቀው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ሁሉም «ጉበት አብሉት» ማለትን ያውቅበታል። የጠፋው የሚያውቅ ሳይሆን የሚያበላ ነበር።

የኔታ ደግሞ ወደ ጎጇቸው የሚሄዱበት መንገድ በምሽጉ ሥር ያልፋል። ሲመሽ ከላይ ሆነው ዘብ የሚጠብቁት ባንዶች «ቁም!» ይላሉ። ቆሞ እጁን ያላሳየ ይተኮስበታል። የጎረቤቷ የወለተ ሐዋርያት አህያ «ቁም» ስትባል አልሰማ ብላ እዚያው ቀርታለች።

በማግስቱ ልጆቹ ለምሳ ሲበተኑ የብርጓል ወይራው ሥር ደረሰች። የኔታ አርባ ያልሞላቸው፣ ረዥም፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የከንፈራቸው ዳርና ዳር ተሰነጣጥቆ ስታይ፣ እስከ ዛሬ ሳላያቸው ነው ወይ ሰላም ስላቸው የከረምኩት አለች በልቧ።

«የኔታ፣ ትናንት ምን በሉ?»

«እንዴት አደሩ መባል ቀረ እንዴ፣ የብርጓል?»

«እንዴት አደሩ። ትናንት ምን በሉ?»

«ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም ተብሏል።»

«እውነት ነው፤ ወጥ ይፈልጋል። ወጡ የት አለ?»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቆማ ጠበቀቻቸው።

«በዘጠኝ ሰዓት ቆሎ» አሉ በመጨረሻ። «ማታ እንጀራ።»

«በምን?»

«በጨው። ደግሞ ሁሉንም አይደለም። አባቶቻቸው ጫካ የገቡባቸውን ልጆች ታውቂያቸው የለም? ያንቺስ ጓዳሽ ይመስገን። አንዳንዶቹ ሳይቀምሱ ነው የሚመጡ። ባዶ ሆድ ይዘው ሀ በሉ ስላቸው ድምፃቸው አይወጣም።»

«ስለዚህ ያንን ደረቅ እንጀራ ያካፍሏቸዋል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዓይንዎን እኮ ነው ያጎረሷቸው!» አለች የብርጓል።

የኔታ ግራ ቀኝ አዩ። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «ቀስ በይ» አሏት። «ላንቺ ብቻ ይሁን። ደብሩ ከሰማ፣ ዕውር መምህር ምን ይረባናል ብሎ ሌላ ያመጣል። ያኔ የት ልገባ ነው? ከቅጽሩ በር ቁጭ ብዬ፣ ፊደል ያስቆጠርኩትን ልጅ በእናቴ በኪዳነ ምሕረት ልለው ነው?»

ያን ቀን የብርጓል ቤቷ ደርሳ እስኪመሽ ጠረገች።

የቅኔ መምህሩ፣ የድጓ መምህሩ፣ ከደብሩ የሚቆረጥለት መሬት አለው። የፊደል መምህር የለውም። ለደብሩ ሰዎች ትንንሽ ልጅ የሚያስተምር ሰው ሥራውም ትንሽ ይመስላቸዋል፤ የቅኔ ተማሪው ሁሉ መጀመሪያ ሀን የቆጠረው ከማን እንደሆነ ይረሱታል። የሚበላው በተራ ነው። ዛሬ የአንዱ ልጅ ቤት፣ ነገ የሌላው ቤት ይልክለታል። ድሮ ይህ ተራ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ በየሳምንቱ ዝክር አለ፣ ተዝካር አለ፣ ክርስትና አለ። የኔታ ቀድመው ይጠራሉ፤ ሥጋውም ቅቤውም ከዚያ ይደርሳቸዋል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን ከብቱ ቆላ ተደበቀ፤ ድግስ በፈቃድ ሆነ፤ እንቁላልና ዶሮውን ምሽጉ እየሰበሰበ ወሰደው። የቀረው ተራው ብቻ ነው። ተራ የደረሰው ቤት ደግሞ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ ከመሶቡ ሥር የቀረውን፣ ጠርዙ የደረቀውን ይልካል። ሁሉም በልቡ «ትናንት ሌላው አጥግቧቸዋል» ይላል። ትናንት ያጠገባቸው ሌላ ግን አልነበረም።

ከሁሉ የባሰውን ደረቅ የሚልከው ጭቃ ሹም እንዳላማው ነበር። ልጁ ከወይራው ሥር ይማራል። እሱ ለምሽጉ እንቁላል አስገባሪ ሆኖ፣ ጓዳው ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ ለልጁ መምህር የሚልከው እንጀራ ሲጎርሱት ድድ ያደማል።

የብርጓል ከምንጩ በታች የጎመን መደብ ነበራት። ጎመኑን ቀቅላ፣ በኑግ ዘይት አቁላልታ፣ በእንጀራ ጠቅልላ በአሰገደች እጅ ላከች። በሦስተኛው ቀን ወሬው ምንጩ ጋ ቀድሟት ደረሰ።

«አንቺ፣ እውነት ነው?» አለቻት ወለተ ሐዋርያት እንስራዋን እያወረደች። «ለየኔታ ጎመን ልከሻል አሉ።»

«ልኬያለሁ።»

«ምነው፣ ምነው! የደብር መምህር ጎመን? የጉንደ ወይን ሰው ቢሰማ ምን ይለናል? መምህራቸውን ጎመን ያበላሉ ብሎ ይዘፍንብናል እኮ!»

«ደረቅ እንጀራ ያበላሉ ብሎ የማይዘፍን?»

«ደረቅ ቢሆን ነጭ ነው። ጎመን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚበላ ነው።»

«ታዲያ ክፉው ቀን መቼ ነው የሚመጣልሽ? አህያሽን የገደለው ምን ቀን ነበር?»

ወለተ ሐዋርያት ተቀየመች። «እኛም እኮ ቆሎ ነው የምንበላው፣ የብርጓል! ጠግበን የከለከልናቸው አታስመስይው።»

ይህ እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም የብርጓልን ይበልጥ አናደዳት። «ቆሎሽን ብይ» አለቻት። «ግን ከምንጩ ዳር ያለውን ጎመን በሬ ሲበላው ዝም ትያለሽ፤ የኔታ ሲበሉት ታፍሪያለሽ። ክብራችሁ ዓይን አያበራም!»

«ዓይን? የምን ዓይን?»

የብርጓል ምላሷን ነከሰች። እንስራዋን አዝላ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ለየኔታ ክብር ሲሉ የብርጓልን ልጅ በመንገድ እያስቆሙ ጎመኑን ይቀሟት ጀመር። በእሱ ፈንታ ነጭ ደረቅ እንጀራ ያሸክሟታል። ደግ የሠሩ ይመስላቸዋል። አሰገደች እያለቀሰች ስትመለስ፣ የብርጓል ራሷ መውሰድ ጀመረች። እሷን ደግሞ የሚያስቆም አልነበረም።

ጎመኑ ጥቂት ረዳ። የኔታ የከንፈራቸው ስንጥቅ ገጠመ። ምሽት ላይ ግን ያው ነበሩ። መደቡም ሳስቶ፣ ግንዱ ብቻ ቀረ።

በሆሳዕና ልጆቹ ዘንባባ ይዘው በጊዜ ወደየቤታቸው ተበተኑ። የኔታ ማኅሌት ያመሹትን ካህናት ምሩኝ ማለት አፍረው ብቻቸውን ወጡ። በምሽጉ ሥር ሲያልፉ «ቁም!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቆሙ። ግን ድምፁ ከየት እንደመጣ ማየት ስላልቻሉ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ወደዚያው እጃቸውን ዘረጉ። ባንዳው የሚሸሹ መሰለው። ጥይቱ መቋሚያቸውን ከእጃቸው መሐል ሰብሮት ሄደ። በደረታቸው ተደፍተው እየዳሁ በገደሉ ጠርዝ አለፉ። ጧት አሰገደች ነች ከጎጇቸው በር ላይ፣ ጉልበታቸው ተልጦ፣ ቁጭ ብለው ያገኘቻቸው።

ከዚያ በኋላ አገር ሰማ። ሰምቶም፣ የኔታ እንደፈሩት አልሆነም፤ ከዚያ የከፋ ሆነ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። «ወይኔ፣ ዳፍንት ነው እኮ» አለ። «ጉበት ቢያገኙ።» «ፋሲካ ይድረስ እንጂ።» ከንፈር መጥጦም ወደ ቤቱ ገባ። ባንዳው ደግሞ በሚቀጥለው እንደማይስት በገበያ መሐል ተናገረ።

የፋሲካ ጧት ቅርጫው የተጣለው በጭቃ ሹም እንዳላማው ግቢ ነበር፤ በሬ ለማረድ ከምሽጉ ፈቃድ ያገኘው እሱ ብቻ ነው። የብርጓልም ሁዳዴን ሙሉ የሰው ገብስ በክፍያ ስትፈጭ ከርማ አንድ መደብ ገብታለች። በደንቡ ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል፤ ጉበቱ ግን የአራጆቹ ነው። እዚያው ትኩሱን፣ ከመከፈሉ በፊት፣ በሚጥሚጣና በአረቄ ይበሉታል። ሴት ወደ መታረጃው አትቀርብም። መደቧን ከአጥሩ ውጭ ሆና ትጠብቃለች።

የብርጓል ገበቴዋን ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቆማ በቅጠሉ መሐል አየች። እንዳላማው ከቅጠል ላይ በተነጠፈው ቁርበት ተቀምጧል። በቀኙ ደግሞ እንግዳ አለ፤ የኔታ ላይ የተኮሰው ባንዳ። ጉበቱ እንፋሎቱ ሳይበርድ ወጣና ከፊታቸው በኮባ ቅጠል ላይ ተዘረጋ። እንዳላማው ቢላዋውን ለእንግዳው አቀበለው።

«ጀምር እስቲ፣ ዓይነ ጥሩ!» አለው። «ኢላማ እንዳትስት።»

ባንዳው ሳቀ። አንዳንዶቹም ሳቁ።

የብርጓል አጥሩን አልፋ ስትገባ ማንም አላስተዋላትም። ከቁርበቱ ፊት ስትቆም ነው ያዩዋት።

«ምነው የብርጓል፣ መንገድ ተሳሳተሽ?» አለ እንዳላማው። «ሴት መታረጃ ቦታ ምን ትሠራለች?»

«መደቤን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ጭቃ ሹም። ሻኛውንም ታናሽ ሥጋውንም አልፈልግም። ጉበቱን ስጡኝ።»

«ለማን?»

«ለማን እንደሆነ የማያውቅ እዚህ አለ?»

 አንዱ አራጅ የራሱን ቢላዋ በሳር ይጠርግ ጀመር። እንዳላማው ወደ እንግዳው ጠጋ ብሎ ፈገግ አለ። «ደንብ አለ፣ እመቤት። ጉበት የአራጅ ነው። የኔታ አራጅ ናቸው? የኔታ ሀሁ ናቸው። ለሀሁ ተራ አለ፤ ተራችንን ልከናል።»

«የላክኸውን አይቼዋለሁ» አለች የብርጓል።

ጭቃ ሹሙን «አንተ» ማለቷ ነው። ሰዎቹ ቀና ብለው ተያዩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጉበቱን እስከነ ቅጠሉ አነሳችና ገበቴዋ ውስጥ ከተተችው። ደሙ በክንዷ ወረደ።

«አስቀምጪ!» እንዳላማው ብድግ አለ። «አንቺ የሽፍታ ሚስት! ባልሽ የት እንዳለ የማናውቅ ይመስልሻል? ዛሬውኑ ለምሽጉ ብናገርስ?»

የብርጓል ድምፅ አልጮኸም፤ ጨርሶ ዝቅ አለ። «ንገር። ፈንታ የት እንዳለ አንተ ለጣሊያን ንገር፤ የኔታ የተተኮሰባቸውን ምሽት ረስታችሁ ጉበቱን ለተኳሹ ማን እንዳጎረሰ እኔ ለፈንታ እነግረዋለሁ። የማን ወሬ ቀድሞ እንደሚደርስ እናያለን። ልጅህን ሀ ያስባሉት እኚያ ሰው ናቸው። አንተን ሀ ያስባለህም የፊደል መምህር ነበር። ያኔም እንደዚህ ነበር የምታበሉት? በልታችሁ ስትጠግቡ ነው የምታስታውሱት? ለአረቄ ጉበት አለ! ለጥይት ጉበት አለ! ለሕፃናት መምህር ደንብ ብቻ?»

ባንዳው ቢላዋውን እንደያዘ አንዴ እሷን አንዴ ሰዎቹን አየ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው አራጅ በደም የተነከረ እጁን እየጠረገ፣ «ተዋት፣ ጭቃ ሹም» አለ። «ለእኔም ለጥርሴ ይከብደኛል።» የብርጓል ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላ እየተራመደች ከበሩ ወጣች። መደቧን አልሰጧትም። ያን ፋሲካ እሷና አሰገደች በሽሮ ፈሰኩ።

የኔታ ጉበቱን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ድርሻዬ አይደለም፣ የብርጓል። የሰው ድርሻ በልቼ…»

«ይብሉ።»

«ስሚኝ እስቲ…»

«የኔታ፣ ከመንገድ ጀምሬ ተቆጥቻለሁ፤ መጥረጊያ አልያዝኩም። ይብሉ!»

ከፊሉን ከፍም ላይ ጠበሰችው፤ ትንሽ ጨው ነሰነሰችበት። እስኪጨርሱ ከራሳቸው በላይ ቆመች። የኔታ እንደ ተቆጡት ልጅ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «ቅኔ ቤት ሳለሁ መምህሬ እንኳ እንዲህ አላስፈራኝም» አሉ። የብርጓል ያኔ ነው ተቀምጣ ያለቀሰችው። ምን እንዳስለቀሳት ሲጠይቋት፣ «ሲበሉ ስላየሁ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። የተረፈውን በጭስ አድርቃ በየቀኑ ሰጠቻቸው። ዶሮዎቿ የጣሉትንም እንቁላል ለየኔታ አድርጋ ለአስገባሪው ከለከለች። ሲመጣባት፣ «ዶሮዎቼ ሸፍተዋል» ብላ መለሰችው።

በዳግማ ትንሣኤ ማምሻ ላይ የኔታ የሚመሯቸውን ልጆች ቀድመው አሰናበቱ። የብርጓል ይህን ከአሰገደች ስትሰማ መጥረጊያዋን እንደያዘች ወደ ምሽጉ ሥር ሮጠች። ፀሐይ ጠልቃ ነበር። የኔታ በአዲሱ መቋሚያቸው ዝግ እያሉ ብቻቸውን ይመጣሉ።

«ቁም!»

ቆሙ። ፊታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ጉብታው አዞሩ፤ እጃቸውንም ወደዚያው አነሱ። «ቆሜያለሁ» አሉ። «አንተም ከድንጋዩ ጀርባ ውጣ። ጠመንጃህን ካነሳህ ጀምሮ እያየሁህ ነው።»

ከላይ «ይለፉ» የሚል ድምፅ ወረደ።

የኔታ ከመንገዱ ዳር፣ ከዛፍ ሥር የቆመችውን ሴት ከሩቅ ለዩዋት። «ለጦርነት መጥረጊያ ይዘሽ ወጣሽ እንዴ?» አሏት። የብርጓል መጥረጊያዋን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። እስከ ጎጇቸው ሸኘቻቸው። እሳቸው ግን ሊመሯት ፊት ፊት ሄዱ።

ሰው ቁጣዋ በዚያ ያበቃ መስሎት ነበር። በማግስቱ የተራው ቤት የእንዳላማው ነበር። የብርጓል ጧት ገበቴዋንና መጥረጊያዋን ይዛ ከበሩ ቆመች። «የየኔታን ምሳ ልወስድ መጥቻለሁ!» ብላ ተጣራች። የቤቱ እመቤት ጠርዙ የደረቀ እንጀራ ይዛ ወጣች። የብርጓል አየችው እንጂ አልተቀበለችውም። ገበቴውን ከመሬት አስቀመጠችና የጭቃ ሹሙን ደጅ መጥረግ ጀመረች። አቧራው ወደ ቤቱ ውስጥ ገባ። መንገደኛው ቆሞ ያይ ጀመር፤ ወለተ ሐዋርያት ከእነ እንስራዋ ቆመች፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ከጓዳ እንዳላማው ያስነጥሳል። የብርጓል ዳር እስከ ዳር ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።

እመቤቲቱ ወደ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች። ቀጥሎ እሳት ተራገበ፤ ቅቤ ሲንጫጫ ከደጅ ተሰማ፤ እንቁላልም ከምጣዱ ጠርዝ ላይ ሲሰበር።

የብርጓል መጥረጊያውን አላቆመችም። ገበቴው ሞልቶ እስኪወጣላት ጠረገች።